ሶስቴ ሄጄ አንዴ በላሁ

አዲስ የተከፈተ ፓስትሪ ቤት ሄጄ ነበር። ውድ ከሚባሉት ነው። ባንኮኒው እብነ በረድ፣ ልጆቹ ጓንት ያጠለቁ፣ ሳጥኑ በሪባን የሚታሰር። «ሄጄ ነበር» ስል ሶስት ጊዜ ነው። ሁለቱን ጊዜ ገንዘቤን በትኜ ተመለስኩ። በሶስተኛው ግን እውነትም በላሁ። በመሃል የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ እናንተ እንኳን በአንዱ ተገላገሉ።

መጀመሪያ የሄድኩት በተከፈተ በሳምንቱ ነው። ከሥራ ስወጣ፣ 10 ሰዓት ገደማ። ሰልፉ ከበር ውጭ ተርፏል። እኔ ደግሞ ሰልፍ ሳይ የሚይዘኝ በሽታ አለ፤ ሰው የተሰለፈበት ነገር ሁሉ ጥሩ ይመስለኛል። ቆምኩ። የቅቤና የስኳሩ ሽታ ገና በር ላይ ነው የሚቀበላችሁ። ምሳ ያልበላ ሰው እዚያ ሽታ ውስጥ 25 ደቂቃ ከቆመ፣ ልቡ ከሱ ጋር አይሆንም።

ተራዬ ደረሰ። መስታወቱ ውስጥ ኬኮቹ እንደ ወርቅ ቤት ዕቃ ተራርቀው ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ፊት ስም የተጻፈባት ትንሽ ካርድ ቆማለች። ማንበቡን አነበብኩት። ጮክ ብዬ መጥራቱን ነው የፈራሁት። «ምን ልታዘዝ?» አለችኝ ልጅቷ። በጣቴ እየጠቆምኩ «ያቺን ክቧን... አዎ፣ መሃሏ ክፍት የሆነችውን። ያንንም። ከሱ ጎን ያለውንም» አልኳት። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ በረጅሙ ተነፈሰ። ይባስ ተደናበርኩ። ሁለት ክሮሳንት፣ አንድ ሚልፎይ፣ አንድ ኤክሌር፣ አራት ማካሮን (በመሃላቸው ክሬም የተቀባ ትንንሽ ክብ ብስኩቶች) እና ያቺን ክቧን ይዤ ወጣሁ። ሂሳቡን ሳይ ልጅቷ ደምራ የተሳሳተች መስሎኝ ነበር። አልተሳሳተችም።

ቤት ብሄድ ጥሩ። ሁለት ጉዳይ ነበረኝ። ሳጥኑን መኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ ወዲያ ወዲህ ስል አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። መኪናው ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው የዋለ ነው። ቤት ስደርስ ኤክሌሩ በጎኑ ተኝቷል፤ ቸኮሌቱ የሳጥኑ ክዳን ላይ ተለጥፏል። «በቃ ከእራት በኋላ ይበላል» ብዬ ሁሉንም ከነሳጥኑ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት።

ከእራት በኋላ እህቴ ክሮሳንቱን ገመጠች። ገመጠች ከሚባል ጎተተች ቢባል ይሻላል፤ እንደ ላስቲክ ተሳበ። ብዙ አላመጠችና «ለዚህ ነው የተሰለፍሽው?» አለችኝ። ምን እላታለሁ።

ያን ምሽት ፓስትሪ ቤቱን ስረግመው አመሸሁ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዳቦም ሆነ ክሮሳንት የሚደርቀው ውሃው ተኖ ስላለቀ ብቻ አይደለም። ሲጋገር ለስልሶ የነበረው የዱቄቱ ስታርች ቀስ በቀስ ተመልሶ ይጠነክራል። ይሄ ደግሞ ከሁሉም የሚፈጥነው ፍሪጅ ውስጥ ባለው ቅዝቃዜ ነው፤ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ። ጠረጴዛ ላይ ብተወው ኖሮ የተሻለ ይቆይ ነበር። ላዩ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ደረሰበት። ከክሬሞቹ ጋር በአንድ ሳጥን ተዘግቶበት ሲያመሽ እርጥበቱን ጠጣ። መርጠብ ያለበት ደረቀ፣ መድረቅ ያለበት ረጠበ።

ሚልፎዩም ከዚያ አልተሻለም። ስሙ «ሺ ቅጠል» ማለት ነው። በደንቡ ሊጡ ከቅቤ ጋር ሶስት ሶስት እየታጠፈ ስድስት ጊዜ ሲዳመጥ 729 የቅቤ ንብርብር ይወጣዋል። ሺ አልሞላም፣ ግን ማን ይቆጥራል። ዋናው ነገር እያንዳንዱ ቅጠል ደረቅና ተሰባሪ መሆኑ ነው። በመሃሉ ያለው ክሬም ደግሞ እርጥብ ነው። ሁለቱ በተገናኙበት ደቂቃ ቆጠራው ይጀምራል። እኔ ያን ሁሉ ሰዓት አስቀምጬው «ለምን አልተሰባበረም» ብዬ ማኩረፌ ነው የሚገርመው።

ከሁሉም የተረፉት ማካሮኖቹ ናቸው። እንዲያውም ጥሩ ነበሩ። ማካሮን ሲሠራ ቅርፊቱ ደረቅ ነው፤ በመሃሉ የተቀባው ክሬም ቀስ ብሎ እያለሰለሰው የሚመጣው ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ሆን ብለው ነው የሚያሳድሩት። ከመበላቱ በፊት ወጥቶ ቅዝቃዜው ትንሽ ይልቀቀው እንጂ። ስለዚህ «ትኩሱ ሁሉ ይሻላል» የሚባለውም አይሠራም። እያንዳንዱ የራሱ ሰዓት አለው። ይሄን ነገር ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚዞረው።

ሁለተኛው ጉዞ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር፤ ከሶስት ጓደኞቼ ጋር። «አሁንማ ነቅቻለሁ» አልኩ። ወደ ቤት የሚወሰድ ነገር የለም፣ እዚያው ቁጭ ብለን እንበላለን። ሐሳቡ ትክክል ነው። አመራረጡ ላይ ነው ጉዱ። በዓይናችን አዘዝን።

እኔ የመረጥኩት ፊቴን የማይበት የሚያብረቀርቅ ጉልላት ነበር፤ ጫፉ ላይ የወርቅ ቅጠል ጣል ተደርጎበታል። ጠረጴዛችን ላይ ሲያርፍ ሁላችንም «ውይ!» አልን። ከዚያ ስልክ ወጣ። ከላይ፣ ከጎን፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ «እጅሽን አንሺልኝ»፣ «ቆይ አንዴ ድገሚው»። አሥር ደቂቃ አለፈ። በመጨረሻ ስቀምሰው... ስኳርና ብርድ። ሌላ ምንም አልመጣልኝም።

ያ መስታወት የሚመስለው ነገር በአብዛኛው ስኳር፣ ግሉኮስ፣ ነጭ ቸኮሌትና ጄላቲን ነው። ሥራው ማብረቅረቅ ነው፣ ያንን ደግሞ በደንብ ይሠራል። ወርቁ ጣዕም የለውም፤ እሱስ ወርቅ ነው፣ ምን ይጠበቅበታል። በጥፋቴ የምመዘግበው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ኬኩ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ነው የበላሁት። በጣም የቀዘቀዘ ነገር ጣዕሙንም መዓዛውንም ይደብቃል። እንዲህ ያለ ሙስ ኬክ 15 ወይም 20 ደቂቃ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ ነበረበት። (ፎቶ ማንሳቱ እዚህ ላይ ጠቅሞ ነበር፤ ትንሽ ብንገፋበት ጥሩ ነበር።) ሁለተኛ፣ አብሬ ያዘዝኩት ካራሜል የፈሰሰበት ትኩስ ቸኮሌት ነው። ጣፋጭ በጣፋጭ። ከሶስተኛው ጉንጭ በኋላ ምላሴ ሥራ አቆመ። ያለ ስኳር የተፈላ ሻይ፣ ካልሆነም ውሃ፣ በቂ ነበር።

ከመካከላችን አንዷ ብቻ ቸኮሌት ያለበት ተራ ክሮሳንት አዛ ነበር። «እዚህ ድረስ መጥተሽ?» ብለን ሳቅንባት። እሷ አልሳቀችም፣ አልተከራከረችም። ጣቷን እየላሰች ሳህኗ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ለቀመች። ሳህኗ ባዶ የሆነው የእሷ ብቻ ነው። እኔ ጉልላቴን ግማሹን ትቼው ተነሳሁ።

ስወጣ ለቤት ሁለት ክሮሳንት ልይዝ አልኩና ነቃሁ ባይ ስለሆንኩ ጠየቅኩ፤ «የዛሬ ነው አይደል?» «አዎ፣ ሁሉም የዛሬ ነው» አለችኝ ልጅቷ። አልዋሸችም። «ዛሬ» ግን ረጅም ነው። ጋጋሪዎቹ ሌሊት ነው የሚገቡት፤ ንጋት ላይ የወጣው ትሪና ረፋድ ላይ የወጣው ትሪ ሁለቱም የዛሬ ናቸው። የደረሰኝ የንጋቱ ሳይሆን አልቀረም፤ ቅርፊቱ ለስልሷል። ጥያቄዬ ነው የተበላሸው።

ለሶስተኛው ጊዜ የሄድኩት በእልህ ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ብቻዬን፣ ሳልበላ። ሰልፍ የለም። ጥያቄውን አስተካክዬ ነው የገባሁት። «የኔ እህት፣ የሚቀጥለው የክሮሳንት ትሪ ስንት ሰዓት ይወጣል?» ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እስካሁን ደንበኛ ሁሉ እሺ በይና ስጪኝ ነው የሚላት መሰለኝ። ወደ ውስጥ ገብታ ጠይቃ ተመለሰች። «ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። ሲወጣም ትንሽ መብረድ አለበት። ይጠብቃሉ?» እጠብቃለሁ። ይቺ አንዲት ጥያቄ ከዚህ ቀደም ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ በልጣ ጠቀመችኝ።

ማብሰያው በመስታወት የተከለለ ስለሆነ የሚሠሩትን ማየት ይቻላል። ባለፉት ሁለት ጊዜያት አንዴም ዞር ብዬ አላየሁትም። አንድ ጎልማሳ ጋጋሪ ሊጡን በማሽን እያስዳመጠ ያጥፋል፣ በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ይፈትሻል፣ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ማቀዝቀዣ ይመልሳል። ሌላውን ያወጣል። የሚቸኩል አይመስልም። ትሪ ይዞ ወደ ባንኮኒው ሲወጣ «ለምንድነው ቶሎ ቶሎ የሚመልሱት?» አልኩት። «ቅቤውና ሊጡ እኩል መጠንከር አለባቸው» አለኝ። «ቅቤው ከደረቀ ውስጥ ለውስጥ ይሰባበራል። ከለሰለሰ ደግሞ ሊጡ ይጠጣዋል። ያኔ ክሮሳንት መሆኑ ይቀርና የቅቤ ዳቦ ነው የሚበሉት።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። በእርሾ የተቦካ ሊጥ ውስጥ ቅቤ በስሱ ተዘርግቶ ይታሸጋል። ሶስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሶስት እጥፍ ቢታጠፍ 27 የቅቤ ንብርብር ይሆናል። በየእጥፉ መሃል ሊጡ በብርድ ማረፍ አለበት። ከዚያ ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ ኩፍ እስኪል ይቀመጣል። እዚህ ጋ ነው ብዙው የሚበላሸው። እርሾ ሙቀት ይወዳል፣ ቅቤ ሙቀት ይፈራል። ከ27 ዲግሪ ብዙ ከዘለለ ቅቤው መላላት ይጀምራልና፣ ቸኩሎ ሙቀት የጨመረ ጋጋሪ የለፋበትን ንብርብር በገዛ እጁ ያፈርሰዋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ። ኦቨን ውስጥ ሲገባ ቅቤው ውስጥ ያለው ጥቂት ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ንብርብሮቹን ወደ ላይ ይገፋቸዋል። ይሄ ሁሉ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ሁለት ሶስት ቀን ያደርጉታል። እኔ በአራት ጉርሻ ነው የምጨርሰው።

ክሮሳንቱ መጣልኝ። አንድ ብቻ፣ ምንም ያልተቀባበት፣ ምንም ያልተሞላበት። ይሄኛውን እንደ ዕቃ ገዢ አገላብጬ አየሁት።

ቀለሙ ቢጫ አይደለም። ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ጫፉ ላይማ ለማረር የቀረበ ይመስላል። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ነገር ግን ጣዕሙ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ የተጋገረ ነገር ያን መዓዛ የሚያወጣው ላዩ 140 ዲግሪን አልፎ ቡናማ ሲሆን ነው። የገረጣ ክሮሳንት ፎቶ ላይ ያምራል እንጂ አፍ ላይ የሚለው ነገር የለውም። ከሥሩ ገለበጥኩት። ደረቅ ነው። ሥሩ በቅቤ የራሰ ቢሆን ኖሮ ቅቤው ሾልኮ ፈሷል ማለት ነበር። ካየሁት መጠን አንፃር እጄ ላይ ቀለለኝ። በሁለት እጄ ይዤ ጫፉን ስቆርሰው ተሰማ። እውነት እላችኋለሁ፣ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ዞር አሉ። ፍርፋሪው ጠረጴዛውንና ቀሚሴን ሞላው። ውስጡ የንብ ቀፎ ነው፤ ስስ ግድግዳ ያላቸው ትልልቅ ክፍተቶች፣ እየተጠማዘዙ ወደ መሃል የሚገቡ። በጣቴ ጫን ስለው ተመልሶ ተነሳ።

መጀመሪያ ቅቤ ነው የሚመጣው። ከዚያ ትንሽ ጨው። መጨረሻ ላይ እርሾው ቀስ ብሎ የሠራው የምትመስል አንዲት ለዘብ ያለች ኮምጣጣ ነገር። ስኳሩ ከኋላ ነው ያለው። ሌላ ነገር ለማዘዝ አሰብኩና ተውኩት።

ለጓደኛዬ በልቤ ይቅርታ የጠየቅኩት ያኔ ነው። ክሬም የሞላበት፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፍራፍሬ የተከመረበት ነገር ጉድለቱን የሚሸፍንበት ብዙ ልብስ አለው። ተራው ክሮሳንት ራቁቱን ነው የቆመው። አሁን አዲስ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማዝዘው እሱን ነው። እሱን ካወቁበት ሌላውንም አምናቸዋለሁ። ካላወቁበት ሂሳቤን ከፍዬ እወጣለሁ፤ የወርቅ ቅጠሉ አያስቀረኝም።

በነገራችን ላይ ፈረንሳዊ የምንለው ክሮሳንት አባቱ ኦስትሪያዊ ነው። ቪየና ውስጥ ኪፕፈርል የሚባል የጨረቃ ቅርጽ ያለው ዳቦ ነበረ። አውጉስት ዛንግ የሚባል የቀድሞ የኦስትሪያ መድፈኛ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ የቪየና ዳቦ ቤት ከፈተና ፓሪሶች እየተጋፉ ገዙ። ቀጥለው ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ዛሬም ፈረንሳዮቹ ይሄን ዓይነት ነገር በጅምላ ቪየኖይዝሪ ይሉታል፣ የቪየና ለማለት። ስለዚህ አዲስ የተከፈተ የሚያምር ዳቦ ቤት ፊት መሰለፍ እኔ የጀመርኩት አይደለም። ያቺ መጀመሪያ ቀን በጣቴ የጠቆምኳት ክቧ ደግሞ ፓሪ-ብረስት ትባላለች። በፓሪስና በብረስት ከተሞች መካከል ይደረግ ለነበረው የብስክሌት ውድድር መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ1910 የተሠራች ናት። መሃሏ ክፍት የሆነው ጎማ ስለሆነች ነው። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ስሟን ሳላፍር እጠራለሁ። ብሳሳትም ግድ የለኝም፤ ልጅቷ ራሷ ሁለት ዓይነት ነው የምትጠራው።

ስለ ዋጋው ትጠይቁኝ ይሆናል። ውድ ነው፣ አልከራከርም። ግን የት የት እንደሚሄድ መለየት ተማርኩ። የጥሩ ቅቤ፣ የሶስት ቀን ጉልበት፣ የእውነተኛ ቫኒላ ዋጋ ከሆነ ቅር አይለኝም። የቫኒላን ነገር ብቻ ብትወስዱ፣ አበባዋ ለአንድ ቀን ብቻ ነው የምትከፈተው። ከትውልድ አገሯ ሜክሲኮ ወዲያ ስትተከል አበባ በአበባ በሰው እጅ ነው የምትዳቀለው። የሚሠራበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1841 ሬዩኒየን ደሴት ላይ ያገኘው ኤድሞንድ አልቢዩስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ነበር፤ ያውም ባሪያ ሆኖ። ክሬሙ ውስጥ ጥቋቁር ነጠብጣብ ሳይ እሱ ትዝ ይለኛል፣ ዋጋውም ይገባኛል። የሪባኑን፣ የሳጥኑንና የእብነ በረዱን የምከፍል ሲመስለኝ ግን ሆዴን ይቆርጠኛል። ሳጥኑ በነገራችን ላይ ጥሩ ነው፤ አሁን ክር አስቀምጥበታለሁ።

ወደ ቤት መውሰድ የግድ ሲሆን አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ፓስትሪ ቤቱ የመጨረሻ ጉዳዬ ነው፤ ከዚያ ቀጥታ ቤት። ሳጥኑ ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ ወንበር ያጋድላል። መኪናው ወለል ላይ፣ እግር ማሳረፊያው ጋ። ክሬም ያለው ፍሪጅ ይገባል፣ ያን ቀን ይበላል። ክሮሳንት ፍሪጅ አያውቅም። ካደረ፣ 160 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን አምስት ደቂቃ፤ ስታርቹ ሲሞቅ መልሶ ይለሰልሳል፣ ቅርፊቱም ይደርቃል። እንደ አዲሱ አይሆንም፣ ግን ያስታርቃል። ማይክሮዌቭ ግን አደራ፣ አትሞክሩት፤ እንደ ስፖንጅ ያደርገዋል። ሚልፎይን ደግሞ ከላይ በሹካ መጫን ክሬሙን በአራቱም ጎን ማስወጣት ነው። በጎኑ አስተኝታችሁ ጥርስ ባለው ቢላ ቁረጡት። አንድ ሳህን ክሬም ልብሴ ላይ ካፈሰስኩ በኋላ ነው ይሄን የደረስኩበት።

ባለፈው ሳምንት እህቴን ይዣት ሄድኩ። አልሄድም ብላ ነበር፤ ያ ላስቲክ አልወጣላትም። ጠዋት፣ ትሪው በሚወጣበት ሰዓት። ጥቁር ሹራብ ለብሳ ነው የመጣችው፤ ልነግራት አስቤ ተውኩት። ቆረሰችው። ፍርፋሪው ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ ዘነበባት። አላራገፈችውም። አላምጣ ስትጨርስ ባዶ ሳህኗን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና «ሌላ ትሪ ስንት ሰዓት ይወጣል በያት እስቲ» አለችኝ።